ለእርስዎ ብቻ የተጻፈ

በዶተን ኮቭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛው ክፍል ግድግዳ ባዶ ነው። የሒሳቡ ክፍል በሠንጠረዥ፣ የሳይንሱ ክፍል በእንቁራሪት ሥዕል ሲያሸበርቅ የሚስ ዩኒስ ግድግዳ ላይ ከሰዓትና ከአንድ አሮጌ ካርታ በቀር ምንም የለም። የተማሪ ጽሑፍማ ፈጽሞ አይለጠፍበትም። አዲስ የሚመጣ ወጣት አስተማሪ ሁሉ ይኼን አይቶ ሊመክራት ይሞክራል፤ ልጆች ሥራቸው ሲታይላቸው ይበረታታሉ እያለ ከኮሌጅ ሸክፎት የመጣውን ቃል ሁሉ ያዘንብባታል። ዩኒስ ዱርንፎርድ አንገቷን እየነቀነቀች አዳምጣው ስታበቃ ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ማጣበቂያ አይይዝም ትለዋለች። ግድግዳው ደረቅ ነው። ሴትየዋ ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የምትዋሸው።

ማስተማሩን ግን ታውቅበታለች። ንባብ ስታስተምር አንድ አንቀጽ ታስነብብና መጽሐፉን ታስዘጋለች። ከዚያ አንዱ ተማሪ ያነበበውን ለጎኑ ልጅ ይነግረዋል፤ ልክ ከባሕር ዘግይቶ ለገባ ጓደኛ ያመለጠውን ወሬ እንደማቀበል ነው። መንገር ካቃተህ አላነበብከውም ማለት ነው፤ ተመለስና አንብብ። ጽሕፈት ሲሆን ደግሞ እርሳስ ከመነሣቱ በፊት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ለማን ነው የምትጽፈው? «ለማንም» የሚባል መልስ እሷ ዘንድ አይሠራም። ቦስተን ላለችው አክስቴ፣ ለተጣላሁት ያጎቴ ልጅ፣ ለሞተው ውሻዬ ይባልና ስሙ ከገጹ አናት ላይ ይሰፍራል። ሦስት መስመር ለመጻፍ የሚያምጥ ልጅ ለተጣላው ሰው ከሆነ ሁለት ገጽ ሞልቶ ሌላ ወረቀት ይለምናል። ያለቀው ጽሑፍ ወይ ለባለስሙ ይሄዳል፣ ወይ የሚስ ዩኒስ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበታል። ወሬ ከሰው ቀድሞ በሚዞርበት የአርባ ቤት መንደር ቁልፍ ያለው መሳቢያ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቹ የሚያምኗትም ለዚህ ነው።

ሰው ሁሉ «ሚስ» ነው የሚላት፤ አላገባችም። የሱቁ ባለቤት ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቋት ሁለቱንም ጊዜ ደብዳቤውን አርማ መልሳለታለች። እስካሁን ድረስ ሰውየው ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ እሷ እንዳታየው ይሰጋል።

መንግሥት ኮድ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ የከለከለ ጊዜ መንደሩ ምን ይዋጠኝ አለ። ቅድመ አያቶቻቸው ሲያጠምዱት የኖሩት ዓሣ አልቋል ተባለ። ጀልባዎቹ ተገልብጠው ሣር ላይ ተደፉ፤ ጎልማሶቹም እንደገና ትምህርት ቤት ይግቡ ተባለ። በፈረንጆቹ 1993፣ በመስከረም፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሚስ ዩኒስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቿን ስም እየጠራች ሳለ ሌአንደር ስኪፍንግተን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ወንበሩ ስለጠበበው ጎኑን አዙሮ ተቀመጠ። ዩኒስ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ብታነበውም ቀና ብላ ፊቱን ለማየት ጊዜ ወሰደባት።

የመጣበት ጉዳይ ግልጽ ነበር። በደሴቶቹ መካከል የሚመላለሰው መርከብ ሠራተኛ ይፈልጋል። ያን ባሕር እንደ ሌአንደር የሚያውቀው የለም፤ ነገር ግን የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያላለፈ አይቀጠርም። ፈተናው በሰኔ ነው፤ ምንባብ አንብቦ ጥያቄ መመለስ፣ ከዚያ ሁለት ገጽ መጻፍ። ካለፈ እዚሁ አገሩ ይኖራል። ከወደቀ የሚስቱ የአልማ ወንድም ቶሮንቶ አጠገብ የብስኩት ፋብሪካ ሊያስገባው ቃል ገብቷል፤ አገራቸውን ትተው ይሄዳሉ። ሌአንደር መሄዱን እንኳ ይችለው ነበር። ያልቻለው የአባቱን ነገር ነው። አባቱ ኤሳው፣ እዚያ አገር ሽማግሌ ሁሉ የመንደሩ አጎት ስለሆነ «አጎቴ ኤሳው» የሚባሉት፣ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነበር። ባሕር ላይ ካልሆነ በቀር ከዶተን ኮቭ ውጭ አድረው አያውቁም። አብረን እንሂድ ሲባሉ «ሂዱ፤ እኔ እዚህ አለሁ» ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ያለ ልጃቸው ደግሞ አንዱን የበረዶ ወራት እንኳ እንደማይወጡት ሁሉም ያውቃል።

ልጆቹ ሌአንደርን ወደዱት፤ መቀለዳቸው ግን አልቀረም። ከፊቱ የምትቀመጠው ሼሪ-ሊን፣ ምላሷ እሳት የሆነ ልጅ፣ ዞር ብላ፣ «አጎቴ ሌአንደር፣ የቤት ሥራህን ካልሠራህ አባትህን ይዘህ ና ነው የምትባለው» አለችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ያልሳቀችው ሚስ ዩኒስ ብቻ ናት። የእሱን አባት ትምህርት ቤት የሚያመጣ ነገር ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ አይታዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ዩኒስ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ለማስተማር መጣች። የተወለደችው ከመሀል አገር፣ ከእንጨት ቆራጮች ቤት ነው፤ ስለ ዓሣ የምታውቀው አበሳሰሉን ብቻ ነበር። ሌአንደር ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ግማሽ ገጽ ሳይሞላ የሚያልበው ዓይነት ልጅ። አንድ ቀን ለተማሪዎቿ፣ ወደምታውቁት ቦታ የሚወስደውን መንገድ እንግዳ ሰው ሳይጠፋው እንዲደርስ አድርጋችሁ ጻፉልኝ አለቻቸው። ሌሎቹ ወደ ሱቁ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ጻፉ። ሌአንደር ሁለት ገጽ ሞላ። የጻፈው ወደ አባቱ የዓሣ ቦታ የሚወስደውን ነበር፤ ከወደቡ ወጥተህ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከነጩ ቋጥኝ ጋር ሲገጥምልህ፣ በግራህ ደግሞ የተሰነጠቀው ደሴት ጫፍ ከጥዱ ኮረብታ ሥር ብቅ ሲል፣ እዚያ መልሕቅህን ጣል። አንድም ቃል የባከነበት የለም። ወረቀቱን ሲሰጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሚስ፣ ይኼ ለእርስዎ ብቻ ነው» አላት።

ዩኒስ ዓይን አፋርነት መሰላት። እንዲህ ያለው ምልክት ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ብቻ የሚተላለፍ፣ ለሚስት እንኳ የማይነገር የቤተሰብ ሀብት መሆኑን የእንጨት ቆራጭ ልጅ ከየት ታውቃለች? ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ወረቀቱ ላይ የወርቅ ቀለም ኮከብ ለጠፈችና ከበሩ አጠገብ ሰቀለችው። በዚያው ሳምንት የገና ዝግጅት ነበር፤ መንደሩ ነቅሎ መጣ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው በዝምታ ቆመው አነበቡት። አንዳንዶቹማ ተመልሰው መጥተው ደገሙት። ዩኒስ የልጁ ጽሑፍ ልባቸውን የነካው መስሏት ኮራች።

በግንቦት ባሕሩ ከበረዶ ሲጸዳ ኤሳው ቦታቸው ቢደርሱ ሦስት ጀልባ ቀድሟቸው ቆሟል። በማግስቱ ትምህርት ቤት መጡ። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። «ያን ወረቀት ስጪኝ፣ ልጄ» ብለው ተቀበሏት። ማንበብ ስለማይችሉ ሳያዩት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ የልጃቸውን መጻሕፍት ጠረጴዛዋ ላይ ደርድረው ወጡ። ማታውኑ ምድጃ ውስጥ ጨመሩት ተብሎ ተወራ። ሌአንደር ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወረቀቱ የባሰ ነው። ዩኒስ ምን እንደሠራች ከጎረቤት ስትሰማ አልቅሳ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር፤ ማንም ምንም ስላላላት ቀረች። እንግዳ ናት፣ ልጅ ናት፣ አታውቅም ተባለላት። ልጁ እንዳታሳይበት ነግሯት እንደነበር ግን ለማንም አልተነፈሰችም። መጀመሪያ ፈራች። ከዚያ ወራት ስላለፉ አፈረች። ከዚያ ዓመታት ስላለፉ ነገሩን ማንሣቱ ራሱ ነውር መሰላት። ግድግዳዋን ባዶ አድርጋ፣ መሳቢያዋን ቆልፋ፣ ሌላውን ልጅ ሁሉ እንደ ዓይኗ ብሌን እየጠበቀች ኖረች። ያ አንዱ ልጅ ግን በየቀኑ በመስኮቷ ሥር ወደ ጀልባው ሲያልፍ ታየው ነበር።

አሁን ከፊቷ ተቀምጧል። ንባቡ ቶሎ ቀናው። ዩኒስ ምንባብ ማለት ከባሕር የገባ ሰው ነው፤ ምን አየህ፣ የት፣ ከዚያስ፣ ያልነገርከኝ ምንድን ነው እያልክ ጠይቀው አለችው። ሰው መጠየቅማ ያውቅበታል። የገና በዓል ሳይደርስ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን መናገር ሲጀምር ልጆቹ የራሳቸውን ሥራ ትተው ያዳምጡት ጀመር። ጽሕፈቱ ግን እንደ ድንጋይ ደረቀበት። «ዛሬ ነፋስ አለ። ትናንትም ነበረ።» ይልና ያቆማል። ከገጹ አናት ላይ ለማን የሚለው ባዶውን ይቀራል። ዩኒስ የማታውቀው ዘዴ የለም፤ ሁሉንም ሞከረች። አንተ ተናገር፣ ሼሪ-ሊን ትጻፍልህ አለችው። ወሬው እንደ ጉድ ሲወርድ ቆይቶ ልጅቷ እርሳስ ስታነሣ ቀጥ አለ። «ሚስ፣ ይኼ ሰውዬ ክዳን አለው እንዴ?» አለች ሼሪ-ሊን።

መጋቢት ገባ። አልማ ሳህኖቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀምራለች የሚል ወሬ ተሰማ። ዩኒስ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሌአንደርን አስቀረችውና ለምን እንደማይጽፍ በቀጥታ ጠየቀችው። በእኔ ቂም ይዘህ ከሆነ እውነት አለህ አለችው።

«ኧረ እኔ በእርስዎ ቂም ይዤ አላውቅም» አላት። «እርሳሱን ስይዝ አባባ ከኋላዬ የቆሙ ነው የሚመስለኝ። ለኮከብ ብዬ የሸጥኳቸው ይመስላቸዋል።»

«እንዳልሆነ ለምን አልነገርካቸውም?»

ሌአንደር ኮፍያውን አንሥቶ ሲያገላብጥ ቆየ። «ብናገር እርስዎ ከሥራ ይባረሩ ነበራ፣ ሚስ» አለና ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ።

ዩኒስ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እሷ የጠበቀችው ምስጢር መስሏት ነበር። ለካ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው ሲጠብቅላት የኖረው። እሷ እንጀራዋን እንዳታጣ ብሎ የአባቱን ፊት ማጣት የመረጠው እሱ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኤሳው ከነልጃቸው የሚኖሩበት ቤት ሄዳ በሩን አንኳኳች። ዶተን ኮቭ ውስጥ በር የሚያንኳኳ ቄስ ወይም ፖሊስ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ከፍቶ ይገባል። ውስጥ ወንበር ሲንኳኳ፣ ኩባያ ሲወድቅ ተሰማ፤ አልማ ፊቷ ዐመድ መስሎ በሩን ከፈተች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው የሚያንኳኩት፣ ሚስ? ነፍሴን እኮ ነው ያወጧት» ብላ እየተቆጣች አስገባቻት። የቆርቆሮ ወተት ያለበት ሻይ ቀዳችላት፤ ዳቦና የዱር ፍሬ ማርማላታም ቀረበ። ኤሳው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ማንም የማይጥለውን መረብ ይጠግናሉ። ሌአንደር እንጨት ይዞ ከውጭ ገባ። ዩኒስ ሻዩን አልነካችውም።

«አጎቴ ኤሳው፣ ያን ወረቀት ልጅዎ ‹ሚስ፣ ይኼ ለእርስዎ ብቻ ነው› ብሎ ነው የሰጠኝ። ለሰው እንዳላሳይ ማለቱ ነበር። የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ይኼን ሳልነግርዎ ሃያ ሰባት ዓመት አብሬዎት ኖርኩ።»

የሽማግሌው እጅ መረቡ ላይ ቆመ። ቀና ብለው ያዩት እሷን ሳይሆን ልጃቸውን ነው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባባ።»

«ያን በጋ ሙሉ ጀልባ ላይ አንድ ቃል አልተነፈስኩልህም።»

«አልተነፈሱም።»

«አንተም ዝም አልክ።»

ሌአንደር የያዘውን እንጨት ምድጃው ሥር አስቀመጠ። «ሚስ ያኔ ልጅ ነበሩ» አለ። «ደግሞ እስከዚያ ቀን የጻፍኩትን አንብቦ ደስ ያለው ሰው አልነበረም፣ አባባ።»

ዩኒስ ውጪልኝ እስክትባል ጠበቀች።  ኤሳው ግን ወደሷ ዞረው፣ «ይኼንን ሁሉ ጊዜ ተሸክመሽው ነው?» አሏት። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ከብዶሽ ኖሯል» አሉና ለአልማ ሻይ ቀይሪላት፣ ቀዝቅዞባታል አሉ። ስለ ቦታው፣ ስለ ሦስቱ ጀልባ፣ ስለ ጠፋው ዓሣ አንድም ነገር አላነሡም። ከዚያ ልጃቸውን፣ ፈታኞቹ በሰኔ ምን ጻፍ እንደሚሉት ጠየቁት። የጠየቁኝን ነው አላቸው።

«እንግዲያው ጻፍላቸው» አሉና መረባቸውን አነሡ።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ገጽ ተቀምጦ አገኘች። ከአናቱ «ለአባባ» ይላል። ዩኒስ ቆማ አንብባ ስትጨርስ ተቀመጠች፤ ልጆቹ ሲገቡ ጉንፋን ይዞኛል ብላ መሐረቧን አወጣች። ወረቀቱን አንድ ምልክት ሳታደርግበት መለሰችለት።

«ስህተቱስ?» አላት ሌአንደር።

አላየሁትም አለችው።

«ፈታኞቹ ያዩታል እኮ። እባክዎ ይዩልኝ፣ ሚስ።»

አየችለት። አሥራ አራት ስህተት ነበረው። አንድ በአንድ ቁጭ ብለው አረሙት፤ ሼሪ-ሊንም አንገቷን አስግጋ የእኔ ዘጠኝ ብቻ ነው እያለች ስታበሽቀው ነበር። ይኼን ለአባትህ ልስጥልህ ወይ ብላ ዩኒስ ብትጠይቀው ገና ነው አለ፤ መሳቢያው ውስጥ አስቆለፈበት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጻፈ። ለአልማ፣ ለአልማ ወንድም፣ አንድ ጊዜም ዓሣ ማጥመድን ለከለከሉት ሚኒስትር ጻፈ፤ ይኼኛውን ዩኒስ ቃላቱን ትንሽ አለዝባ እንዲልከው ፈቀደችለት።

የሰኔው ፈተና ታሽጎ ወደ ዋናው ከተማ ሄደ። ውጤቱ በነሐሴ መጣ። ሌአንደር ከመቶው ስልሳ ስምንት አገኘ፣ ሼሪ-ሊን ስልሳ አራት። ልጅቷ ሽማግሌ በለጠኝ ብላ ወር ሙሉ ተማረረች። አልማ ሳህኖቿን ከጋዜጣው ፈትታ ወደ ቦታቸው መለሰች። መርከቡ ለመስከረም መጀመሪያ ቀጠረው።

ሥራ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ሌአንደር ትምህርት ቤት መጥቶ ወረቀቱን ከመሳቢያው አስወጣ። አብረውኝ ይምጡና ለአባባ ያንብቡላቸው ብሎ ለመናት። እኔ ድምፄ አይወጣም አላት።

«አብሬህ እመጣለሁ። የጻፈው ነው የሚያነበው» አለችው።

ኤሳው ምድጃቸው አጠገብ ነበሩ። ልጃቸው ከፊታቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወረቀቱን ዘረጋ። ስለዚያ የዝምታ በጋ አነበበ። አባቱ አቅጣጫ የሚያሳዩት በአገጫቸው እንደነበረ፤ ዳቦ ሲቆርሱ ትልቁን ግማሽ ለእሱ ሲያስቀምጡ ዓይኑን እንዳላዩት። አንድ ቀን ማዕበል አርሶት ጣቶቹ በብርድ ሲደርቁ አባቱ መቅዘፊያቸውን አስቀምጠው፣ የገዛ ጓንታቸውን አውልቀው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ በእጆቹ ላይ እንዳጠለቁለት፤ ከዚያ በባዶ እጃቸው እስከ ቤት እንደቀዘፉ። እዚህ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ዩኒስ ገፋ አደረገ። ዩኒስ አልተቀበለችውም። ራሱ ቀጠለና ጨረሰ።

አልማ ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃው ላይ ያልነበረ ድስት ታማስል ነበር። ኤሳው እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩአቸዋል።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያን የጓንቱን ነገር አንተ ልብ ያልከው አይመስለኝም ነበር።»

«ልብ ብዬው ነበር፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ልጃቸው አስጠጉ።

«እስቲ ድገምልኝ» አሉት። ሌአንደርም የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ከላይ ጀመረ።